ስለ አደባባይ ደረጃና ስለ ደግ ሰው ትከሻ

በከተማችን መሐል አንድ አደባባይ ሊታደስ በታሰበ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆመው የቆርቆሮ አጥር ነው፤ በአጥሩም ላይ፣ ሥራው ሲፈጸም ቦታው ምን መልክ እንደሚኖረው የሚያሳይ፣ በልዩ ልዩ ቀለም ያጌጠ ትልቅ ሥዕል ይለጠፋል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ቆሞ የመመርመር አመል አለብኝ። ሥዕሉን የሠሩት ባለሙያዎች ሰማዩን ደመና የማያውቀው፣ ሣሩን በጋ የማያደርቀው፣ ፏፏቴውንም የውሃ ፈረቃ የማይነካው አድርገው ይሥሉታል፤ ይህስ ይሁን፤ ተስፋ ማድረግ ኃጢአት አይደለምና አንፈርድባቸውም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ በሥዕሉ ውስጥ የሚመላለሰው ሕዝብ ነው። ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ወገቡ የቀና፣ የሁሉም እጅ ባዶ ነው፤ ቢበዛ አንዲት ሕፃን ፊኛ ይዛ ትሮጣለች። ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ የሚያዘግም የለም፤ ጕልበቷን በእጇ ደግፋ ትንፋሽዋን የምትሰበስብ ባልቴት የለችም፤ ምርኩዝ የያዘ፣ ዐይነ ስውር፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ፣ ወይም አንዱን ልጅ አዝላ ሌላውን የምትጎትት እናት ፈጽሞ አይገኝም። ይህን ሥዕል ያየ የሩቅ አገር እንግዳ፣ አዲስ አበባ ሽማግሌዎቿንና ሕመምተኞቿን ሁሉ ወደ ገዳም ሸኝታ የጨረሰች ከተማ ናት ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ሌላው ነገር፣ ሥዕሉ የሚሣለው ከሰማይ ሆኖ ቁልቁል በሚመለከት ዐይን መሆኑ ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ለሚያይ ደግሞ ደረጃ የሚባል ፈተና በምድር ላይ የለም፤ ደረጃው ሁሉ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ያማረ መስመር ሆኖ ይታያል እንጂ፣ አንዱ መስመር ከሌላው መስመር በላይ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚነሣ አይታወቅም። መላእክት ክንፍ ተሰጥቷቸዋልና በዚህ አይቸገሩም። አደባባዩን የሚጠቀሙበት ግን በአብዛኛው በእግር የሚሄዱ ፍጡራን ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል እግራቸው የማይታዘዝላቸው አሉ።

ከፍ ያለ ቦታን መውደድ እንግዲህ ትናንት ከውጭ የመጣብን ልማድ አይደለም። ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ይመሰክራል፤ ወደዚያ ጥንታዊ ገዳም መውጫው በገደሉ ላይ የተንጠለጠለ ጠፍር ስለ ሆነ፣ ጠፍሩን በእጁ ጨብጦ ድንጋዩን በእግሩ እየረገጠ መውጣት ያልቻለ መንገደኛ ከታች ሆኖ ተሳልሞ ይመለሳል። አቡነ አረጋዊ ራሳቸው፣ በትውፊት እንደሚተረከው፣ ወደ አምባው የወጡት ዘንዶ ተሸክሟቸው ነው፤ ይህም በአገራችን ታሪክ ስለ ሊፍት የተነገረ የመጀመሪያው ወሬ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዚያች ዕለት ወዲህ አገልግሎቱ ተቋርጦ በመቅረቱም ከከተማችን የብዙ ፎቆች ሊፍት ጋር አንድ ዕጣ ገጥሞታል። ይሁን እንጂ አባቶቻችን አምባውን የመረጡት ከዓለም ለመሸሽ ነው፤ ሰው በቀላሉ እንዳይደርስባቸው አስበው የሠሩት ስለ ሆነ፣ የመንገዱ አስቸጋሪነት የሥራቸው ጕድለት ሳይሆን ፍጻሜው ነበር። አደባባይ ግን ሰው ከሰው ሊገናኝበት የተዘጋጀ ስፍራ ነውና፣ የባሕታውያንን አምባ ሥርዓት አምጥቶ በከተማ መሐል የተከለ መሐንዲስ፣ ምንኵስና ያላሰበውን ምስኪን ሁሉ ሳይወድ በግድ አስመነነው ማለት ነው።

ለምሳሌ መስቀል አደባባይን እንውሰድ። ይህ ስፍራ ያላየው ነገር ጥቂት ነው። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ፣ የማርክስና የኤንግልስ፣ የሌኒንም ጢማም ምስሎች ከላይ ሆነው ሰልፈኛውን ሲቈጣጠሩ ኖረው፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የቀድሞ ስሙን መልሶ አገኘ። በ1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌ ስድሳኛ የልደት በዓል ሲከበር በጊታር ድምፅ ተናወጠ፤ በየዓመቱ በታላቁ ሩጫ ቀን ባለ አንድ ዓይነት ካናቴራው ሕዝብ ያጥለቀልቀዋል፤ በረመዳን ሙስሊም ወገኖቻችን በኅብረት ያፈጥሩበታል፤ ማለዳ ማለዳም የነገዎቹ ሯጮቻችን እርከኑን ከዳር እስከ ዳር እየሮጡ አንድ ደረጃ ከፍ ይላሉ፣ ደግሞም ይመለሳሉ። ከሁሉ በላይ ግን ስሙን የሰጠው የመስቀል ደመራ በዓል ሲሆን፣ ይኸውም በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይህን ሁሉ ጉባኤ ያስተናገደው በግማሽ ክብ ተሠርቶ ወደ ላይ የሚወጣው እርከን ነው። አሳቡ ጥንታውያን ግሪኮች ቴያትራቸውን የሠሩበት አሳብ ነው፤ ከኋላ ያለው ተመልካች ከፊቱ ባለው ሰው ራስ እንዳይጋረድ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ከፊተኛው ረድፍ ከፍ ይላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አስተውል። እርከኑ የተሠራው ሁሉም እንዲያይ ነው። ቁመተ ረጅሙ ሰው ያለ እርከኑም ያያል፤ አጭሩም ቢሆን በእግሩ ጣት ተንጠራርቶ፣ አለዚያም ድንጋይ ፈልጎ ቆሞ አንድ ነገር ያያል። ቆሞ በሚመለከት ሕዝብ መሐል ተቀምጦ የመጣው ሰው ብቻ ነው ያለ እርከኑ ምንም የማያየው፤ ወደ እርከኑ መውጣት የማይችለውም እርሱ ብቻ ነው።

ይህን ነገር በገዛ አእምሮዬ አልደረስኩበትም፤ ያስተማሩኝ የሰፈራችን የኔታ ናቸው። የኔታ በወጣትነታቸው ጎጃም ወርደው ቅኔ የተማሩ፣ ከዚያም ዕድሜያቸውን በማኅሌት ያሳለፉ ሊቅ ሲሆኑ፣ ከዓመታት በፊት ሕመም እግራቸውን ቢይዝባቸው ከመቋሚያ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ተዛወሩ። ሰው ሊያጽናናቸው በመጣ ጊዜ፣ «እስከ ዛሬ ቆሜ አመሰገንሁት፤ አሁን ደግሞ ተቀምጠህ አመስግን ብሎኛል፤ መዓርግ ጨመረልኝ እንጂ ቀነሰብኝ አይባልም» ብለው አጽናኙን አጽናንተው ይሰዱታል።

አደባባዩ ከመታደሱ አስቀድሞ፣ በአንድ ዓመት የመስከረም 16 ቀን፣ የደመራውን ሥነ ሥርዓት ለማየት አብረን ሄድን። እኔ ወንበሩን እየገፋሁ፣ የኔታም በነጭ ጋቢያቸው ተሸፋፍነው ሰላምታ እየሰጡ ከሜዳው ደረስን፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕዝቡ ስለ ከበበን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ማለት አልተቻለም። «የኔታ፣ ደመራው ይታይዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የንግሥት እሌኒን ታሪክ በልጅነቴ ተምሬአለሁና ደመራው ባይታየኝም አላጣውም፤ ዘንድሮ ግን የአዲስ አበባን ሕዝብ ቀበቶ ጠንቅቄ አጥንቻለሁ፤ ሦስት ሰው መቀየር አለበት» አሉኝ።

በአጠገባችን ቆመው የነበሩ ጐረምሶች ይህን ሰምተው ደግነታቸው ተነሣሣ። ስድስት ሆነው ወንበሩን ከነየኔታ አንሥተው፣ «እስቲ አሳልፉን! እልል በሉ!» እያሉ፣ እንደ ሙሽራ አጅበው ወደ ላይኛው እርከን ወሰዷቸው። የኔታ በጕዞው ላይ፣ «ልጆቼ፣ ወደ ፊት አዘንብላችሁኛል፤ ልጆቼ፣ ጋቢዬ መንኰራኵሩ ውስጥ ገብቷል» እያሉ ቢያመለክቱም በእልልታው ምክንያት አቤቱታቸውን የተቀበለ የለም። ከላይ እንደ ደረሱ ግን በእውነት ሁሉም ነገር ይታይ ነበር፤ የካህናቱ አልባሰ ተክህኖ፣ የሰንበት ተማሪዎቹ ሰልፍ፣ ጸናጽሉና ከበሮው፣ በመጨረሻም የደመራው መለኮስ። የኔታ እንባ አቅርረው ሲያበቁ፣ ሕዝቡም ደመራው ወደ የት አቅጣጫ እንደሚወድቅ ሲጠባበቅ፣ የመስከረም ዝናም ማንንም ሳያስፈቅድ ወረደ። ያን ጊዜ ሁሉም ነጠላውን በራሱ ላይ ጥሎ ወደ ታክሲ ሮጠ፤ ስድስቱ ጐረምሶችም አብረው ሮጡ። ለመውጣት ስድስት ሰው ያገኙት የኔታ ለመውረድ አንድ እኔን ብቻ አገኙ፤ እኔ ደግሞ በአካሌ የዚህ ዓይነት ተስፋ የሚጣልብኝ ሰው አይደለሁም። በመጨረሻ ሁለት ፖሊሶችና አንድ ጧፍ ሻጭ ረድተውን፣ በየእርከኑ እያረፍን፣ ርሰን በስብሰን ወረድን። እኔ በልጆቹ ተቈጥቼ ሳጕረመርም የኔታ ገሠጹኝ፤ «አትውቀሳቸው፤ የደብረ ዳሞው ዘንዶ እንኳ ሲያወጣ ነው እንጂ ሲያወርድ አልተሰማም» አሉ።

በ2013 ዓ.ም. በሰኔ ወር አደባባዩ ከሁለት ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበት፣ ታድሶ ተመረቀ። ወለሉ ተነጠፈ፣ መብራቱ ተተከለ፣ ትልልቅ ስክሪኖች ቆሙ፣ ከሥሩም ወደ 1,400 መኪና የሚይዝ የምድር ውስጥ ማቆሚያ ተሠራለት። እርከኑ እርከን ሆኖ ቀረ። የኔታን አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይዣቸው ብሄድ፣ በተነጠፈው ወለል ላይ ወንበራቸው ሳይንገጫገጭ መንሸራተቱን አመስግነው፣ የሠሩትን ሁሉ በየተራ መረቁ። ከዚያም ወደ መኪናው መግቢያ እንድወስዳቸው አዘዙኝ። መኪናዎቹ እየተከታተሉ በተዳፋቱ ቀስ ብለው ወደ ምድር ውስጥ ሲሰወሩ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ከተመለከቱ በኋላ፣ «አንተ፣ ይህን ማን አሰበው?» አሉኝ።

«መሐንዲሶቹ ናቸው እንጂ ማን ይሆናል፣ የኔታ» አልሁ።

«መኪና ደረጃ መውረድ እንደማይችል ማን ነገራቸው? መኪናዎቹ ማኅበር አቁመው ነው? ሰልፍ ወጥተው ነው? አቤቱታ ጽፈው ነው?»

መልስ አጣሁ። በእርግጥም ለመኪና ደረጃ የሠራ መሐንዲስ በዓለም ላይ አልተሰማም፤ «መኪናው በመጣ ጊዜ ስድስት ጐረምሶች ይሸከሙታል» ብሎ ንድፍ ያጸደቀ ባለሥልጣንም የለም። ማቆሚያ ሲነደፍ፣ ገና ከመጀመሪያው መስመር፣ መንኰራኵር ያለው ነገር በተዳፋት እንጂ በደረጃ እንደማይሄድ ይታወቃል፤ መንኰራኵሩ ላይ የተቀመጠው ሰው በሆነ ጊዜ ግን ይህ ዕውቀት ከልብ ይሰወራል፤ ነገሩም ወደ ኋላ፣ ገንዘብ ከተረፈ ወደሚታይበት ምዕራፍ ይተላለፋል።

ደግሞም ተዳፋት የተባለው ሁሉ ተዳፋት አይደለም። የመጠኑ ነገር በብዙ አገር ሲሠራበት የቆየ ቀላል ሒሳብ ነው፤ ለአንድ እጅ ከፍታ አሥራ ሁለት እጅ ርዝመት ያስፈልጋል። እንግዲህ 15 ሳንቲ ሜትር ለምትነሣ ለአንዲት ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር፣ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ላለ በረንዳ ደግሞ ወደ 11 ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሊሠራ ነው ማለት ነው፤ መንገዱ ሲረዝምም በመሐል እጅ የሚያርፍበት ደልዳላ ስፍራ፣ ከጫፉም ላይ ወንበሩ የሚዞርበት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ይጠይቃል። ይህን ሒሳብ የማያውቅ መሐንዲስ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን 11 ሜትር ሲባል ባለንብረቱ በዐይነ ሕሊናው የሚያየው ለማኪያቶ ቤት ሊከራይ ይችል የነበረውን ቦታ ነው፤ ስለዚህ 11 ሜትሩ ተቀንሶ፣ ተቀንሶ ሦስት ይሆናል።

ከአንድ አደባባይ ዳር ያለ፣ ስሙን የማልጠራው፣ እንዲህ ያለ ተዳፋት የተሠራለት መሥሪያ ቤት አለ። የኔታን የጡረታ ጕዳይ አስፈጽማለሁ ብዬ ይዣቸው ሄጄ ነበር። ተዳፋቱ እጅግ ከመቆሙ የተነሣ ልጆች በካርቶን እየተንሸራተቱ ይጫወቱበታል። ዘበኛው ወንበሩን ባየ ጊዜ ፊቱ በደስታ በርቶ፣ «ለአካል ጉዳተኞች ብለን በልዩ ያሠራነው ነው፣ አባቴ፤ ይግቡ፣ ይግቡ» አለ። የኔታ ግራና ቀኙን መርምረው፣ «ይህ መውጫ አይደለም፣ መውረጃ ነው፤ መድረሻውንም ሳስበው ያለ ንስሐ የሚኬድበት አይደለም» አሉ። እንደ ምንም ብለን፣ ዘበኛውም ከኋላ እየገፋ፣ ከጫፉ ብንደርስ የመስተዋቱ በር በሰንሰለት ተቈልፎ አገኘነው። ዘበኛውም ምንም ሳይሸማቀቅ፣ «በዚያኛው በር ነው የሚገባው» ብሎ ባለ አሥራ ሁለት ደረጃውን ዋናውን በር በጣቱ አሳየን። ቁልፉ የት እንዳለ ሲጠየቅ፣ ቁልፍ የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው አለ። በአገራችን ቁልፍ የያዘ ሰው ስብሰባ የማይገባበት ሰዓት ቢኖር ኖሮ ብዙ በሮች በተከፈቱ ነበር።

የኔታ የሊቃውንቱን የአንድምታ ትርጓሜ ልማድ ይዘው ይህን ጕዳይ በመጻጕዕ እሑድ ሲተነትኑት ሰምቼአለሁ። «አምስት መመላለሻ የነበራትን ያችን መጠመቂያ የሠራት ሰው» አሉ፣ «ለጥላው አምስት ጊዜ ሲያስብ ወደ ውሃው ለሚወርደው ድውይ አንድ ጊዜ አላሰበም፤ መጻጕዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋው ቀረ። አንድም፣ የቅፍርናሆሙ ሽባ አራት ሰው አገኘ፤ በሩ ግን በሕዝብ ተይዞ ነበርና ጣራው ተነደለ፤ ያለ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ የተደረገ የመጀመሪያው እድሳት ይህ ነው። አንድም፣ ውብ በተባለው በመቅደሱ ደጅ የነበረውን ሽባ ሰዎች ዕለት ዕለት ተሸክመው ያመጡት ነበር፤ ዕለት ዕለትም ከደጁ ላይ አስቀምጠውት ይገቡ ነበር። እነዚህን ሰዎች ምን እንበላቸው? ደጎች እንዳንላቸው ውጭ ትተውታል፤ ክፉዎች እንዳንላቸው ተሸክመውታል። ደጎች ናቸው፤ ደግነታቸው ግን እስከ ደጁ ነው። ያ ሰው እግሩ በጸና ጊዜ ምን አደረገ? ወደ ውስጥ ገባ። ሲመኘው የኖረው ምን እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።»

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። የእኛ አገር ነገር «ሰው የለኝም» ያለው የመጻጕዕ ነገር አይደለም፤ ሰው አለን፤ እንዲያውም በዝቶልናል። በከተማችን ውስጥ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ከደረጃ ሥር ቆሞ ሁለት ደቂቃ አይሞላውም፤ ሊስትሮው ብሩሹን ጥሎ፣ የሚኒባሱ ረዳት ተሳፋሪውን ትቶ፣ ከባንክ የወጣውም ባለ ከረባት ቦርሳውን ለማያውቀው ሰው አስይዞ ይመጣል። ይህ የምንኮራበት ጠባይ ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ሆኖም ይኸው ደግነታችን ለመሐንዲሱ ሰበብ ሆኖታል። ትከሻችን እንደማይጓደል ስለሚያውቅ ሲሚንቶውን ይቈጥባል፤ የእኛን ትከሻ በነፃ ከሚሰጥ የግንባታ ዕቃ መዝገብ ውስጥ አግብቶታል።

ተሸካሚው በአንድ ደቂቃ ሥራውን ፈጽሞ በረከቱን ይዞ ይሄዳል፤ የሸክሙን ዋጋ የሚከፍለው ተሸካሚው አይደለም፤ ተሸካሚ ያስፈለገው ሰው ነው። እርሱ ወዴት እንደሚሄድ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት አለበት፤ የሕመሙን ታሪክ መናገር አለበት፤ በየቀኑ፣ በየደጁ፣ ፊቱን አብርቶ ማመስገን አለበት፤ በከፋው ቀን እንኳ መኰሳተር አይፈቀድለትም። ሌላው ሰው በተናደደ ጊዜ ስብሰባ ረግጦ ይወጣል፤ እርሱ ግን ረግጦ ለመውጣት በመጀመሪያ ተሸካሚ መጥራት ስለሚኖርበት ቍጣው በመጠባበቅ ላይ ሳለ ይበርዳል። የኔታ ይህን ባጭሩ ሲናገሩት፣ «ልጄ፣ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ማንንም ሳያመሰግን መጸዳጃ ቤት መግባት ይፈልጋል» ይላሉ።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የተሻለ ነገር መታየቱን መካድ አይገባም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ ለዐይነ ስውራን የሚሆን ሸካራ ንጣፍ ተዘርግቶ አይተናል። የዚህ ንጣፍ አሳብ የመጣው ከጃፓን ነው፤ ሚያኬ ሴይቺ የተባለ ሰው ፈልስፎት፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኦካያማ ከተማ ተነጠፈ። ረጃጅሙ ሸንተረር «ሂድ» ይላል፤ ነጠብጣቡ «ቁም፣ አስተውል» ይላል፤ እግርና ነጭ በትር ያነቡታል። በእኛ ከተማ ግን ንጣፉን ከዐይነ ስውራኑ ቀድመው የወደዱት ሌሎች ናቸው። እኔ በምኖርበት ሰፈር ያለው ሊስትሮ፣ ሸካራ ስለ ሆነ ሣጥኔ አይንሸራተትብኝም ብሎ በመስመሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ሎተሪ አዟሪው፣ ከሎተሪው ቀጥሎ በቆሎ ጠባሿ ሰፍረዋል። አንድ ዐይነ ስውር ጐረቤታችን መስመሩን አምኖ ቢሄድ ከሊስትሮው ሣጥን ላይ ደረሰ፤ ጨዋ ሰው ነውና አልተቈጣም፤ ጫማውን አስጠርጎ፣ ሎተሪ ገዝቶ፣ በቆሎውን እየጋጠ መጣ። «መንገዱ ጥሩ ነው፤ ገንዘብ ይዞ መውጣት ብቻ ይፈልጋል» አለኝ።

ይህን ሁሉ ማለቴ ለጥቂት ሰዎች ጥብቅና ለመቆም የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ የዓለም የጤና ድርጅት ከስድስት ሰው አንዱ ጕልህ የአካል ጉዳት ያለበት መሆኑን እንደሚናገር ላሳስበው፤ የቀሩት አምስቱም ቢሆኑ ዕድሜ ከሰጣቸው ጕልበታቸው የሚከዳቸው ቀን ይመጣል። ደልደል ያለ ተዳፋት በተሠራበት ቦታ አንድ ሰዓት ቆሞ የተመለከተ ሰው ማን እንደሚጠቀምበት ያያል። አስቀድሞ የሚመጣው ጋሪ የሚገፋው ተሸካሚ ነው፤ ቀጥሎ የሕፃን ጋሪ የያዘች ወጣት እናት፤ ከዚያም ሻንጣውን እየጎተተ ከአውሮፕላን ማረፊያ የመጣ እንግዳ፤ ቅዳሜ ከሆነ ደግሞ ፎቶግራፍ ለመነሣት የመጣችው ሙሽራ፣ ቬሎዋን ሁለት ሚዜዎች ከኋላ ይዘውላት፣ በክብር ትወጣበታለች። በዚያው ሰዓት ደረጃውን የመረጡት ሁለት ጐረምሶች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም እየተወራረዱ ነበር።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36፣ የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚሳናቸው ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃውም እንዲመቻቸው ደነገገ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀብላ አጸደቀች፤ የዚያ ስምምነት ዘጠነኛ አንቀጽ ሕንፃውን ብቻ ሳይሆን መንገዱንና መጓጓዣውንም ይጨምራል። ሕጉ እንግዲህ ከተጻፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ግን እርሱም ራሱ ከደረጃው ሥር ተቀምጦ ተሸካሚ የሚጠባበቅ ይመስላል።

ስለዚህ ክቡራን መሐንዲሶችና ክቡራን ሹማምንት፣ የምለምናችሁ ነገር ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ ነው። የሚቀጥለው አደባባይ ከመመረቁ፣ ሪባኑም ከመቈረጡ አንድ ወር ያህል አስቀድሞ፣ ስሕተት ቢገኝ ለማረም ጊዜ ሳለ፣ ከመካከላችሁ አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ፣ የሚገፋውና የሚያነሣው ሰው ሳይይዝ፣ ከታክሲ ማቆሚያው ተነሥቶ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ይሂድ፤ ከዚያም በመንገዱ ካገኘው ከማንም ጋር ሳይመሰጋገን ይመለስ። የኔታ ለዚሁ ጕዳይ ወንበራቸውን ለማዋስ ፈቃደኛ መሆናቸውን እንድጽፍላቸው አዝዘውኛል፤ የሰርክ ጸሎት ሳይደርስባቸው እንድትመልሱላቸው፣ የቀኙ መንኰራኵርም ወደ ግራ ስለሚስብ አያያዙን እንድታውቁበት ብቻ አደራ ብለዋል።